ባለሱቁ «ቢ650 አሮጌ ነው» አለኝ፣ እውነት ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ነዎት? ባህር ዳር ፓፒረስ አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። አክስቴ ከዱባይ ራይዘን 5 9600ኤክስ ፕሮሰሰር ላከችልኝና ማዘርቦርድ ልገዛ ዞር ዞር ስል አንዱ ባለሱቅ «ይሄ አዲስ ጀነሬሽን ነው፣ ያለ ኤክስ870 አይነሳም፣ ቢ650 አሮጌ ነው» አለኝ። የዋጋቸው ልዩነት ደሞ ራም ይገዛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ደህና ነኝ ወንድሜ። ባለሱቁ እጁ ላይ ያለውን ሊሸጥልህ ነው መሰለኝ። ቢ650ም ኤክስ870ም ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቺፕሴት ስም ናቸው፣ ሶኬታቸው (ፕሮሰሰሩ የሚገባበት) ያው ኤኤም5 ነው፣ ፕሮሰሰርህ ሁለቱም ላይ ይገባል፣ ፍጥነቱም ያው ነው። ጣጣው ባዮሱ (ቦርዱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ ነው፤ ቢ650 የወጣው በ2022 ነው፣ ያንተ ፕሮሰሰር ደሞ በ2024፣ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የከረመ ቦርድ ከሆነ ፕሮሰሰሩን ላያውቀው ይችላል። ከጀርባው ዩኤስቢ መሰኪያዎቹ አጠገብ የባዮስ ፍላሽ በተን ካለው ፕሮሰሰር ሳትገጥምለት ከፍላሽ አፕዴት ታደርገዋለህ፣ ፍላሹን ግን ፋት32 ፎርማት አርገው። በተን ከሌለው እዛው ሱቅ አፕዴት አርገው ከፊትህ አስነስተው ያስረክቡህ፣ እምቢ ካሉ ጥለህ ውጣ።

እና ደሞ መጀመሪያ ስታበራው አትደንግጥ። እኔ ኤኤም5 መጀመሪያ የገጠምኩ ቀን ፋኑ ይዞራል ስክሪኑ ጭጭ፣ ራሙን ሶስቴ ነቅዬ ተከልኩት፣ ለካ ቦርዱ ራሙን እየተለማመደ ኖሯል፣ በነቀልኩት ቁጥር ደሞ ከዜሮ ይጀምራል። ተናድጄ ቡና ልጠጣ ወጥቼ ስመለስ ተነስቶ ጠበቀኝ።

ቺፕሴት ማለት በአብዛኛው የመሰኪያ ብዛት ነው። ግራፊክስ ካርድህና ዋናው ኤንቪኤምኢ ድራይቭ በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ጋር ነው የሚገናኙት፣ የቀረው አብዛኛው በቺፕሴቱ በኩል አራት ሌን (የዳታ መስመር) ባላት አንድ መንገድ ይገባል። ኤክስ670 ላይ ቺፑን ሁለት አርገውታል ግን መንገዷ ያችው አራት ሌን ናት፣ አባይ ማዶ የባጃጅ ተራ ጨምረህ ድልድዩን እንዳለ እንደመተው በለው።

ኤክስ870 ዩኤስቢ4 የግድ አለው፣ በሱ የሚሰካ ፈጣን ድራይቭ ከሌለህ ምን ያደርግልሃል? ቢ650 ወይ ቢ850፣ የረከሰውን ውሰድ። ቢ840 ከሚባለው ግን ተጠንቀቅ፣ ስሙ ቢ850ን ይመስላል እንጂ ቺፕሴቱ የድሮው ቀርፋፋ የዳታ መስመር፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ላይ የቀረ ነው። ኤ620ም ያስነሳልሃል፣ ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ (ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ ማስሮጥ) ግን የለውም፣ መሰኪያውም ጥቂት ነው።

በተረፈህ ብር ዲዲአር5 ራም ባለ16 ጊጋ ሁለት ግዛ፣ አራት አትደርድር ፍጥነቱ ይወርዳል፣ የድሮው ዲዲአር4 ደሞ ጭራሽ አይገባም። ባዮሱን አፕዴት ስታደርግ ዩፒኤስ ላይ ሰክተህ አድርግ፣ ከሌለህ ካለው ጓደኛ ተዋስ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰዓት እንዳትነካው።