ፔትራርካን በቅኔ ጆሮ፦ ስለ ህዳሴ ዘመን ገጣሚዎች ጥያቄና መልስ

ስለ አውሮፓ የህዳሴ ዘመን ገጣሚዎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። እነሆ መልሱ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሶኔት ከሌላ ግጥም በምን ይለያል?

መልስ፦ 14 ስንኝ ነው። ጣሊያኖቹ 8 እና 6 አድርገው ይከፍሉታል። በ8ቱ ነገሩን ያነሳሉ፣ ከዚያ ሐሳቡ ይታጠፋል፣ በ6ቱ ይቋጫል። እኔ ሶኔት የማነበው ለዚያች መታጠፊያ ስል ነው። እንግሊዞቹ ደግሞ መጨረሻ ላይ ሁለት ስንኝ ቤት አስመትተው ይዘጉታል።

ጥያቄ፦ ሼክስፒርስ ህዳሴ ውስጥ ይገባል?

መልስ፦ ይገባል፣ ግን መጨረሻው ላይ። 154ቱ ሶኔቶቹ የታተሙት በ1609 ነው።

ጥያቄ፦ የ14ኛው ክፍለ ዘመኑን የጣሊያን ገጣሚ ፔትራርካን በእንግሊዝኛ አንብቤው አልጣመኝም። ያው «ወደድኩሽ፣ ተቃጠልኩ» ነው። ምኑ ነው የሚደነቀው?

መልስ፦ እውነትህን ነው ወንድሜ፣ በትርጉም ብዙው ይሞታል። አንድ ቦታ ላሳይህ። የወርቅ ጸጉሯ በነፋስ ተበትኖ ነበር ብሎ የሚጀምር ሶኔት አለው። በጣሊያንኛ ለስለስ ያለው ነፋስ «ላውራ» ነው። የሚወዳት ሴት ስምም ላውራ። ጆሮ ሁለቱን አይለይም። ሰሙ ነፋሱ፣ ወርቁ እሷ! ኅብረ ቃል ማለት ይኸው አይደል? ቅኔ እየሰማ ላደገ ሰው ማብራሪያ እንኳ አያስፈልገውም። በዚህም አላበቃ። «ላውሮ» ደግሞ ዛፍ ነው፣ የገጣሚ አክሊል ከቅጠሉ የሚጎነጎን። ፔትራርካ ራሱ በ1341 ሮም ላይ ያንን አክሊል ደፍቷል። ሎሬት ጸጋዬ ስንል «ሎሬት» የሚለው ቃል የመጣው ከዚያው ቅጠል ነው። ስለዚህ ሴቲቱን በጠራ ቁጥር ነፋሱንም፣ ዛፉንም፣ የሚመኘውን ክብርም አብሮ ይጠራል። እኔ ይሄ ሲገባኝ የመድበሉን 366 ግጥሞች በሙሉ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

ጥያቄ፦ ሴቶችስ? ሁሌ የምንሰማው ወንዶቹን ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ሉዊዝ ላቤን ፈልጊ። ፈረንሳይ፣ የሊዮን ከተማ የገመድ ሠሪ ልጅ ናት፣ ባሏም ገመድ ሠሪ። መጽሐፏ በ1555 ወጣ። መግቢያው ላይ ሴቶች ልባቸውን ከእንዝርታቸው ትንሽ ከፍ እንዲያደርጉ ትለምናለች። ሶኔቶቿ 24 ብቻ ናቸው። በአንዱ እኖራለሁ፣ እሞታለሁ፣ እቃጠላለሁ፣ እሰምጣለሁ ትላለች። በወንዶቹ ግጥም ዝም ብላ የምትወደደው ሴት እዚህ ራሷ ትናገራለች። ከጣሊያኖቹ ጋስፓራ ስታምፓንና ቪቶሪያ ኮሎናን ጨምሪ።

ጥያቄ፦ ሠዓሊው ሚኬላንጄሎ ግጥም ይጽፍ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ወደ 300 የሚጠጋ ትቷል። እኔ የምወድለት የቫቲካኑን የሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ሲሥል ለወዳጁ የጻፈውን ነው። ከማንጋጠጥ ብዛት እንቅርት አወጣሁ፣ ጺሜ ወደ ሰማይ፣ ሆዴ ወደ አገጬ ሄደ ይላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ከብሩሹ የሚንጠባጠበው ቀለም ደግሞ ፊቱን ዥንጉርጉር ወለል አስመስሎታል። መጨረሻ ላይ «እኔ ሠዓሊ አይደለሁም» ብሎ ይዘጋል። ያንን ጣሪያ የሠራ ሰው! ከግጥሙ ጎን፣ ቆሞ እየሣለ ያለውን ራሱን ነድፏል፣ ስለዚህ በጀርባው ተኝቶ ሣለው የሚባለውን አትመኑ።

ጥያቄ፦ ከነሱ መሃል ኢትዮጵያን ያነሳ አለ?

መልስ፦ ሁለት ልጥቀስ። የጣሊያኑ አሪዮስቶ ጀግናውን በክንፋም ፈረስ አስቀምጦ ኢትዮጵያ ያደርሰዋል። እዚያ ሴናፖ የሚባል፣ ሀብታም ግን ዓይነ ስውር ንጉሥ አለ። ማዕድ በቀረበ ቁጥር ክንፋም አውሬዎች ምግቡን ነጥቀው፣ የቀረውን አበላሽተው ይሄዳሉ። ይሄ ተረት ነው። የፖርቱጋሉ ካሞይንሽ ያነሳው ግን ታሪክ ነው። በ1572 በታተመው ረጅም ግጥሙ ለመርከበኛው ቫስኮ ዳ ጋማ ትንቢት ይነገረዋል፦ ልጅህ ክሪስቶፎር በዚያች ሩቅ አገር በጦርነት ስሙ ይጠራል፣ ከሞት ግን አያመልጥም። ይህም በ1542 በኢማም አሕመድ ጦር ተማርኮ የተገደለው ክሪስቶፎር ዳ ጋማ ነው።

ጥያቄ፦ የፔትራርካ ላውራ ግን በእውነት ነበረች ወይስ ፈጠራት?

መልስ፦ በዘመኑም አንድ ወዳጁ ጠርጥሮት ነበር። እኔ ነበረች ባይ ነኝ። ፔትራርካ የጥንቱን የሮም ገጣሚ የቨርጂልን ሥራ በያዘው መጽሐፉ መጀመሪያ ገጽ ላይ በእጁ ማስታወሻ ጽፏል። መጀመሪያ ያያት በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ አቪኞን ከተማ፣ ቅድስት ክላራ ቤተ ክርስቲያን፣ አፕሪል 6 ቀን 1327 በማለዳ። የሞተችው በዚያው ወር፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በ1348፣ ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ አውሮፓን በሚያጭድበት ዓመት። እዚህ ላይ የጻፍኩት ዓይኔ ደጋግሞ የሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ ነው ይላል። መጽሐፉ ዛሬ ሚላን፣ አምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ።