የቁስቋም ዘውድ በስልክ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለኝ። ባለፈው ሰሞን የውጭ ሙዚየም በኢንተርኔት ላስጎበኛቸው ብዬ ፕሮጀክተር በስንት ልመና አመጣሁ። ገጹ ግማሹ ሳይከፈት መብራት ሄደ፤ ልጆቹም ሳቁ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ «ሙዚየም ካማረህ ፋሲል ግቢ ውሰዳቸው» አለኝ። እውነት ይሄ ነገር እንደኛ ላለ ትምህርት ቤት ይሆናል? (መምህሩ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ መምህር፣ አይዞዎት። እኔም ላይብረሪ ስሠራ ሃምሳ ሰው ፊት ቆሜ ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረውን ክብ ሃያ ደቂቃ አስጎብኝቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀጥታ ከኢንተርኔት ላይ ማስተማር ትቻለሁ። የምፈልገውን ማታ ቤቴ ሆኜ አወርዳለሁ፣ ፍላሽ ላይ እጭናለሁ፣ ሁለት ሦስት ቅጂ ደግሞ በወረቀት አትማለሁ። መብራት ከሄደ ወረቀቱ አለ።

የርዕሰ መምህሩን ነገር ግን በክፉ አይውሰዱት፤ ሳያውቁት ግማሹን መልስ ሰጥተውዎታል። ሌላው ግማሽ ስልክዎ ውስጥ ነው።

በአንድ ዕቃ ይጀምሩ። አንድ ብቻ! ለንደን ያለው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ስብስቡን ማንም በነጻ እንዲያየው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦታል። እዚያ ውስጥ አንድ የወርቅ ዘውድ አለ፤ አብሮት የመጣ የወርቅ ጽዋም አለ። ሙዚየሙ ራሱ እንደሚያስረዳው እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1740 አካባቢ አሠርተው ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የሰጡት ሳይሆን አይቀርም። ቁስቋም እኮ ነው የምልዎት፤ ልጆቹ በባጃጅ የሚሄዱበት፣ ለኅዳር ቁስቋም የሚነግሡበት ደብር።

ታዲያ ዘውዱ ለንደን ምን ወሰደው? ትምህርቱ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ታሪኩም ለማንም አይመችም። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 ጎንደርን ሲያስመዘብሩ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ መቅደላ ተጓዙ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እንግሊዞች መቅደላ ገቡ። ከሠራዊቱ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ነበር፤ «የአቡኑ ዘውድ» የተባለውን ይህንኑ ዘውድና የወርቅ ጽዋውን ከአንድ ወታደር ላይ በ4 ፓውንድ እንደገዛ ተጽፏል። በ4 ፓውንድ! የቀረውን ምርኮ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ አቀረቡት። 350 ገደማ የብራና መጻሕፍት ብሪቲሽ ሙዚየም ደረሱ፤ ዛሬ ያሉት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ንብረት ነበሩ።

ይህን ሁሉ እርስዎ ተርከው አይጨርሱት። አምስት አምስት አድርገው ይከፋፍሏቸው፤ ለአምስቱ አንድ ስልክ ወይም አንድ የታተመ ፎቶ ይበቃል። መጀመሪያ ምንም ሳይነግሯቸው የሚያዩትን ብቻ ይጻፉ። ምን ቅርጽ አለው? ማን ማን ተቀርጾበታል? ለሚለበስ ነው ወይስ ለሚቀመጥ? ከዚያ ሙዚየሙ ስለ ዕቃው የጻፈውን መግለጫ ይስጧቸውና ወደ አማርኛ ይመልሱት። አንዱ ቡድን «ተወሰደ» ይላል፣ ሌላው «ተሰበሰበ» ይላል፣ አንዱ ኃይለኛ ደግሞ «ተዘረፈ» ብሎ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ክፍሉ ይሞቅልዎታል፤ እርስዎ ጥግ ይዘው ይስሙ። የትኛው ቃል ትክክል እንደሆነ ለመከራከር የመቅደላን ታሪክ ማንበብ ግድ ይሆንባቸዋል። ዓመተ ምሕረቱንም ወደኛ ይለውጡት፦ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1868 የኛ ሚያዝያ 1860 ነው። በዚህ የሚሳሳት ተማሪ ብዛት ያስገርምዎታል።

በሚቀጥለው ሳምንት ፎቶውን ይዘው ቁስቋም ይውጡ። የእቴጌዋን ግቢ ፍራሽ እያዩ፣ ካህናቱን ከአባቶቻቸው የሰሙትን እየጠየቁ ይጻፉ። ያኔ ርዕሰ መምህሩም ያሉት ሆነ፣ እርስዎም ያሉት ሆነ።

ሁለት ነገር ልጨምርልዎ። አንደኛ፣ ሲፈልጉ በአንድ የፊደል አጻጻፍ ተስፋ አይቁረጡ። መቅደላን አንዱ በ«ጂ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በ«ኪው»። ጎንደርም መጨረሻዋ አንዳንዴ በ«ኤ»፣ አንዳንዴ በ«ኢ» ነው። ቁስቋምማ ስንት ዓይነት እንዳለው አይጠይቁኝ። የድሮ መዝገብ ደግሞ «አቢሲኒያ» ካላሉት አይከፈትም። ሁለተኛ፣ የወደዱትን ነገር ያውርዱት። ብሪቲሽ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የሳይበር ጥቃት ደርሶበት ዲጂታል ብራናዎቹ ለረጅም ጊዜ ሊከፈቱ አልቻሉም ነበር። በሊንክ ብቻ ያስተምር የነበረ ሰው ባዶ እጁን ቀረ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስለ ጎንደር ሥዕል ፕሮጀክት ታዘናል። ፎቶዎቹን ከኢንተርኔት ብወስድ ስርቆት ይሆንብኛል? ጓደኞቼ ሁሉም «ምንጭ፦ ጉግል» ብለው ነው የሚጽፉት። (ከፒያሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ «ምንጭ፦ ጉግል» ማለት ቅቤውን ከየት ገዛሽ ሲሉሽ «ከገበያ» ብሎ እንደመመለስ ነው። የሙዚየሙን ስም፣ የዕቃውን ቁጥርና ያየሽበትን ቀን ጻፊ። ቁጥሩ ከፎቶው ሥር ይገኛል።

ፈቃዱ እንደየቤቱ ነው። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባለቤትነት መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ፎቶ ማንም እንዲጠቀምበት ለቅቆታል። ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ለትምህርት ከሆነና ካልሸጥሽው ይፈቅዳል። ለሌላው ከፎቶው ጎን ያለውን ጽሑፍ አንብቢ፤ ሁለት መስመር ናት።

ርዕስሽን በተመለከተ ግን እዚሁ የበቀለ ሥራ አለልሽ። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ታውቂያለሽ? ሥዕሎቹ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1932 ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ አጥኚዎች ቡድን ልጦ ወሰዳቸውና በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል ሠዓሊ ግልባጭ ሠርቶ አስቀመጠ። ኦሪጅናሎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው፤ ፎቶዎቻቸውም በሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ ይታያሉ። ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥዕሎች ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ ዓይናቸውን፣ እጃቸውን፣ የልብሱን እጥፋት፣ የኋላውን ቀለም አወዳድሪ። ፕሮጀክትሽ አለቀ በይው። ስክሪንሾት ግን አታድርጊ፣ ይደበዝዝብሻል፤ ማውረጃውን ተጫኚ። በቴሌግራም ስትልኪም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው።

ጥያቄ፦ በአታ አቋቋም እየተማርኩ ነው። ድሮ በፊልም የተነሡ የድጓ ብራናዎች በስልክ ይታያሉ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ገንዘብስ ይጠይቃል? (ዲያቆን)

መልስ፦ እውነት ነው፣ አይጠይቅም። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ 9,000 ገደማ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኔሶታ፣ ሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የፈጁት እነዚህን ብራናዎች ሲመዘግቡ ነው። «ቪኤችኤምኤምኤል» በሚባለው ድረ ገጹ በኢሜይል ትመዘገባለህ፣ ከዚያ ትገባለህ፣ አለቀ።

አንድ ነገር ልብ በል። ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። በቀይ የተጻፈውና በጥቁር የተጻፈው ሊመሳሰልብህ ነው፤ በድጓ ላይ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አንተ ከእኔ ታውቃለህ። የዜማ ምልክቱም ደቃቅ ስለሆነ በትንሽ ስልክ አይነበብም፤ ኮምፒውተር ያለው ጓደኛ ፈልግ። ምልክትን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ጀመሩት ይባል የለ? እንግዲያው ምልክት የሌለበት ገጽ ካጋጠመህ ከዚያ ዘመን በፊት የተጻፈ ሊሆን ይችላልና አትለፈው። አትምና ለየኔታ አሳያቸው፤ ምን እንዳሉህም ጻፍልኝ።