ጀርመን ሄዳችሁ ምህንድስና ለመማር ለምታስቡ

ውድ ወጣቶች፣

በሲቪል፣ በመካኒካል፣ በኤሌክትሪካል ወይም በኬሚካል ምህንድስና ተመርቃችሁ ማስተርሳችሁን ጀርመን ለመማር የምታስቡ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ፕሮግራሞችም በርካታ ናቸው። የሚያሳዝነኝ ግን ጎበዝ ልጆች ችሎታ ሳይጎድላቸው ወረቀት ጎድሏቸው ሲቀሩ ማየት ነው። ይህ ደብዳቤ ስለ ወረቀቱ ነው።

አብዛኛው አመልካች የሚጨነቀው ስለ ጂፒኤው ነው። የመግቢያ ኮሚቴው ግን በቅድሚያ የሚያየው የትኞቹን ኮርሶች፣ በምን ያህል ክሬዲት እንደወሰዳችሁ ነው። የማስተርስ ፕሮግራም የመግቢያ መስፈርት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በየትምህርት ዘርፉ በተቆረጠ ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የክሬዲት መለኪያ) ነው። ለምሳሌ የውሃ ምህንድስና ፕሮግራም ከሒሳብ 20፣ ከመካኒክስ 15፣ ከፍሉይድ መካኒክስና ከሃይድሮሊክስ 10 ኢሲቲኤስ ጠየቀ እንበል። ትራንስክሪፕታችሁን አውጡና ቆጥሩ። አፕላይድ ማቲማቲክስ 1፣ 2 እና 3፣ ኒውመሪካል ሜተድስ፣ ፕሮባቢሊቲና ስታትስቲክስ እያንዳንዳቸው 5 ቢሆኑ 25 ይሞላሉ። ገምጋሚው ስታትስቲክሱን ከሒሳብ አልቆጥርም ቢል እንኳ 20 ይቀራችኋል። በመካኒክስ 10 ብቻ ካገኛችሁ ግን ጂፒኤያችሁ 3.9 ቢሆንም ልትወድቁ ትችላላችሁ። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት ለየፕሮግራሙ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሥሩ፤ በአንድ በኩል የሚጠይቁትን፣ በሌላው የእናንተን ኮርስ ከነክሬዲቱ ጻፉ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንኑ ሠንጠረዥ ፎርም አድርገው ሙሉ ይላሉ፤ ያልጠየቁትም ቢሆኑ በልባቸው ይሠሩታል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚጥል አንድ ነገር አለ። አንድ ኢሲቲኤስ ማለት ክፍል ውስጥ የምትቀመጡበትንም፣ የምታጠኑበትንም፣ የምትፈተኑበትንም ጨምሮ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው፤ የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ኢሲቲኤስ ይሆናል። የእኛ ክሬዲት አወር ሌላ መለኪያ ነው። በብዙዎቹ የምህንድስና ካሪኩለሞቻችን 3 ክሬዲት አወር ያለው ኮርስ 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ ተመዝግቧል። ትራንስክሪፕታችሁ ላይ ክሬዲት አወሩ ብቻ ከሰፈረና ገምጋሚው 3ን እንደ 3 ከወሰደው ከየኮርሱ 2 ኢሲቲኤስ ጠፋባችሁ ማለት ነው። በአሥር ኮርስ 20 ይሆናል፤ ለመጣል ይበቃል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሬጅስትራሩ ወይም ዲፓርትመንቱ በኦፊሴላዊ ወረቀት፣ በማኅተም፣ የክሬዲት አወሩንና የኢሲቲኤሱን ዝምድና የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። የካሪኩለሙን ገጽም አያይዙ።

ከዚሁ ጋር የኮርሶቹ መግለጫ ያስፈልጋችኋል። "ኢንጂነሪንግ መካኒክስ 1" የሚል ርዕስ ብቻ አይቶ ስታቲክስ ይሁን ዳይናሚክስ የሚያውቅ የለም። የየኮርሱን ርዕስ፣ ኮድ፣ ክሬዲት፣ የምዕራፎቹን ዝርዝርና የማጣቀሻ መጻሕፍቱን ከኮርስ አውትላይኑ ሰብስቡና በአንድ ፒዲኤፍ አድርጉት። የዲፓርትመንት ኃላፊው ፊርማና ማኅተም ቢያርፍበት ይመረጣል። ገና ተማሪ የሆናችሁ ደግሞ አውትላይኖቹን ከአሁኑ አስቀምጡ፤ ከተመረቃችሁ በኋላ ካሪኩለሙ ተቀይሮ የእናንተን ዘመን መፈለግ አድካሚ ነው።

ወደ ጂፒኤው እንምጣ። ጀርመኖች የውጭ ውጤት የሚቀይሩት የባቫሪያ ቀመር በሚባለው ነው። በእነሱ ሚዛን 1.0 ከሁሉ የላቀው፣ 4.0 ዝቅተኛው ማለፊያ ነው፤ የእኛ ተገላቢጦሽ መሆኑን አትርሱ። ስሌቱ እንዲህ ነው፤ ከከፍተኛው ውጤት የእናንተን ቀንሱ፣ ከከፍተኛው ዝቅተኛውን ማለፊያ ቀንሳችሁ ለሚገኘው አካፍሉ፣ በ3 አባዙ፣ 1 ደምሩ። ከፍተኛው 4.0፣ ማለፊያው 2.0 ሆኖ ሲሰላ 3.0 ያለው ሰው 2.5 ያገኛል፤ 3.4 ያለው 1.9፣ 2.8 ያለው ደግሞ 2.8። ብዙ ፕሮግራሞች 2.5ን ድንበር ስለሚያደርጉ 3.0 ለእናንተ ወሳኝ ቁጥር ናት። ከዚያ በታች ከሆናችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ድንበር ያላስቀመጡ ወይም ለሥራ ልምድና ለመመረቂያ ጽሑፍ ነጥብ የሚሰጡ ፕሮግራሞች አሉ። 2.5 የሚል መስፈርት ለጻፈ ፕሮግራም ግን የማመልከቻ ገንዘብ አታባክኑ።

ሰነድ ስትሰበስቡ በመጀመሪያ የኮስት ሼሪንጉን ጉዳይ ጨርሱ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራቱን ካልከፈለ ዋናውን ዲግሪ አያገኝም፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማስላኩም ይቸግረዋል። በቴምፖ (በጊዜያዊ ዲግሪ) እና በስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው በሚሰጠው የትራንስክሪፕት ቅጂ) ማመልከት የሚቻልበት ቦታ ይኖራል፤ ለምዝገባና ለቪዛ ግን ዋናው ይፈለጋል። ክፍያውን ፈጽሞ፣ ክሊራንስ ይዞ፣ ሬጅስትራር ተሰልፎ፣ ሰነዱን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጦ ለመጨረስ ወራት ሊወስድ ይችላል። ከክልል ከተማ የምትመጡ ደግሞ የመመላለሻውን ጊዜ ጨምሩበት።

የስም ነገርም ቀላል አይምሰላችሁ። ዲግሪው ላይ ስምና የአባት ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ እስከ አያት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬቱ ላይ ደግሞ በሌላ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሊሆን ይችላል። ዮሐንስ የሚለው ስም ብቻ በላቲን ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል። እኛ አንድ ሰው መሆኑ ይገባናል፤ ጀርመን ያለው ገምጋሚ ግን ሁለት ሰው መስሎት ፋይሉን ሊያቆመው ይችላል። ማመልከቻውን በሙሉ ፓስፖርቱ ላይ በሰፈረው ፊደል ሙሉ፤ የሚለያይ ሰነድ ካለ በሕጋዊ መንገድ አስተካክሉ ወይም አንድ ሰው መሆናችሁን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አያይዙ። የቀን አቆጣጠሩንም ተመልከቱ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። በሰነዱ ላይ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ ገና በልጅነታችሁ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ትመስላላችሁ።

የማመልከቻው መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው ድረ ገጽ ይቀበላሉ፤ ሌሎች ኡኒ አሲስት በሚባለው ማዕከል በኩል። ኡኒ አሲስት በአንድ ሴሚስተር ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ያስከፍላል። ገንዘቡ ሙሉ ሆኖ ካልደረሰ ፋይላችሁን አይከፍቱትም። ዓለም አቀፍ ካርድ ከባንካችሁ አውጡ፤ ካልሆነም ውጭ ያለ ዘመድ የማመልከቻ ቁጥራችሁን ጠቅሶ ይክፈልላችሁ። ማጣራቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል የጎደለ ነገር ቢገኝ ለማሟላት እንድትችሉ ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማችሁ አስገቡ። ለክረምት (ለእነሱ ዊንተር) ሴሚስተር የተለመደው የመጨረሻ ቀን ጁላይ 15፣ ማለትም ሐምሌ 8 ነው፤ ለበጋው (ለእነሱ ሰመር) ጃንዋሪ 15፣ ማለትም ጥር 7። በእንግሊዝኛ የሚሰጡት ግን ብዙዎቹ ቀድመው ይዘጋሉ፤ በማርች ወይም በሜይ የሚዘጉ አሉ። የየፕሮግራሙን ገጽ ራሳችሁ አንብቡ፤ ጓደኛ የነገራችሁን ቀን አትመኑ።

ለቋንቋው አብዛኛው ቦታ አይኢኤልቲኤስ 6.5 ወይም ቶፍል 90 አካባቢ ይጠይቃል፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው የሚል የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ የሚቀበሉም አሉ፤ የማይቀበሉት ግን ብዙ ናቸው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ መምህር በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ቢጽፍ ይሻላል።

በሞቲቬሽን ሌተሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። "ከልጅነቴ ጀምሮ ኢንጂነር የመሆን ሕልም ነበረኝ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ኮሚቴው በየቀኑ ያነበዋል፤ ምንም አይነግረውም። የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ ላይ የለካችሁትን፣ የተጠቀማችሁበትን ሶፍትዌርና የገጠማችሁን ችግር ጻፉ። ለምሳሌ በመስኖ ካናል ላይ የደለል ክምችት ያጠና ሰው ድሬስደን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ለሚሰጠው የሃይድሮ ሳይንስና ምህንድስና ፕሮግራም ሲያመለክት ከሞጁሎቹ ውስጥ የትኛው ጥናቱን እንደሚቀጥልለት ስሙን ጠርቶ ይግለጽ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ተኩል አይብለጥ። ለአምስት ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ልኮ የአንዱን ስም በሌላው ላይ መርሳት ደግሞ ይቅር የማይባል ጥፋት ነው።

ትምህርቱ ነጻ ነው ሲባልም ሁሉም አይደለም። ሽቱትጋርትና ካርልስሩኸ የሚገኙበት የባደን ቩርተምበርግ ክልል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 እ.ኤ.አ. የክረምት ሴሚስተር ጀምሮ ለማስተርስ እንደ ፕሮግራሙ በሴሚስተር 4,000 ወይም 6,000 ዩሮ ይጠይቃል። ስሙ ስለገነነ ብቻ ሳታሰሉ አታመልክቱ።

ትልቁ ሸክም የባንክ ዝግ ሒሳቡ ነው። ለቪዛ በወር 992 ዩሮ፣ በዓመት 11,904 ዩሮ አስቀድሞ ገቢ መሆን አለበት፤ መጠኑ በየጊዜው ስለሚሻሻል ከኤምባሲው ገጽ አረጋግጡ። ገንዘቡ የእናንተው ነው፤ ከደረሳችሁ በኋላ በየወሩ ይለቀቅላችኋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን በብር ሲሰላ የሚያስፈልገው እጅግ ጨምሯል፤ ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። መሬት ወይም ቤት ሸጦ የአንድ ዓመቱን ሞልቶ የሁለተኛውን ዓመት አለማሰብ አደገኛ ነው። ሕጉ በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት ይፈቅዳል፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ግን በምህንድስና ከባድ ስለሆነ በእሱ አትመኩ። ስትልኩ ደግሞ በመሃል ያሉ ባንኮች ስለሚቀንሱ ልክ 11,904 ብትልኩ ጎድሎ ይደርሳል፤ ከ50 እስከ 100 ዩሮ ጨምሩበት። ጀርመን የሚኖርና በቂ ገቢ ያለው ዘመድ ካላችሁ በከተማው የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት ወጪያችሁን ለመሸፈን ግዴታ ቢፈርም ዝግ ሒሳቡን ሊተካ ይችላል።

አቅሙ ከሌለ ዳድ (DAAD) የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ለሚሰጠው ስኮላርሺፕ ተወዳደሩ። ለልማት ነክ ፕሮግራሞች የሚሰጠው ኤፖስ የሚባለው ከተመረቁ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ዲግሪው ደግሞ እንደ ደንቡ ከስድስት ዓመት በላይ መቆየት የለበትም። ማመልከቻው ትምህርቱ ከሚጀመርበት አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ ይዘጋል። ሁለት ዓመት አገር ውስጥ በሙያችሁ መሥራት ጊዜ ማባከን ነው ብላችሁ አታስቡ፤ በእኔ እምነት ከሁሉም የተሻለው መንገድ ይኸው ነው።

ደላሎችን በተመለከተ ቃሌ አጭር ነው። "አድሚሽን አሰጣችኋለሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ኤጀንሲ እናንተ ራሳችሁ ከምትሞሉት ፎርም ሌላ የሚያውቀው በር የለም። ሐሰተኛ ሰነድ ከጨመረባችሁ ደግሞ የሚከለከለው የእናንተ ቪዛ ነው።

የኤምባሲው የቪዛ ወረፋ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ቅበላው እንደመጣ፣ የሚቻል ከሆነም ከዚያ በፊት፣ ተመዝገቡ። ቪዛው ከዘገየ ዝም አትበሉ፤ ለዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጽፋችሁ ዘግይቶ መመዝገብ የሚቻልበትን የመጨረሻ ቀን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቅበላውን ወደሚቀጥለው ዓመት ማሸጋገር በአብዛኛው ስለማይቻል ያ ቀን ካለፈ እንደገና ማመልከት ነው። ዕድሜያችሁ 30 ከሞላ ተማሪዎች በቅናሽ ከሚያገኙት የመንግሥት የጤና መድን ውጭ ስለምትሆኑ የመድኑን ጉዳይ ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ። ዋናውን ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕቱንና የልደት ሰርተፊኬቱን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፤ በእጃችሁ ያዙ፣ ስካኑንም በኢሜይላችሁ አስቀምጡ።