ከወገቡ በላይ ለረዘመው ሯጭ፦ ከደምበጫ ለተጻፈ ጥያቄ የተሰጠ የሙያ ምክር

ውድ ወንድሜ፣

የ18 ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪ መሆንህን፣ በ5,000 ሜትር ሩጫ ሦስት ዓመት ለፍተህ በዞን ውድድር ከመካከለኞቹ አለማለፍህን፣ የስፖርት መምህርህም «ከወገብህ በላይ ረዝሞ እግርህ አጥሯል፤ ሩጫውን ተው» እንዳሉህ ገልጸህ፣ ወደ ሌላ ስፖርት ብትዞር እንጀራ ይሆንህ እንደሆነ ጠይቀኸኛል። ቁመትህ 1.84 ሜትር፣ ክንዶችህን ስትዘረጋ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ 1.93 ሜትር፣ ወለል ላይ ተቀምጠህ ስትለካ ደግሞ 98 ሴንቲ ሜትር መሆኑን መጻፍህ ጠቅሞኛል፤ ቁመቱን ብቻ የሚነግረኝ ተማሪ ብዙ ነውና።

መምህርህ የተናገሩት መሠረት አለው። በረጅም ርቀት ሩጫ ከእግር ርዝመት ባልተናነሰ የሚያስጨንቀው ክብደቱ የት እንዳረፈ ነው። ባትና ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያለ ክብደት በየእርምጃው ሩቅ ስለሚወዛወዝ፣ ወገብ አካባቢ ካለ እኩል ክብደት ይልቅ ብዙ ጉልበት ይበላል፤ ባተ ቀጭን ሯጮች የሚያተርፉትም በዚህ ነው። ግዙፍ ሰውነት ደግሞ ከክብደቱ አንጻር ሙቀት የሚያስወጣበት ቆዳ ያንሰዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ የጨረሰው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ቁመቱ 1.65 ሜትር ገደማ ነው። ሆኖም በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ ወደ 1.77 ሜትር ይጠጋ ስለነበር፣ ቁመትን ብቻ ይዞ ፍርድ መስጠት አይቻልም።

ያንተ መጠን ይበልጥ የሚያስታውሰኝ ዋናተኛውን ማይክል ፌልፕስን ነው። ቁመቱ 1.93፣ የክንዱ ዝርጋታ 2.01 ሜትር ሲሆን፣ የእግሩ ርዝመት ግን 1.76 ሜትር ቁመት ካለው የ1,500 ሜትር ሯጭ ከሂሻም ኤል ገሩዥ እግር ጋር ተቀራራቢ እንደሆነ ይነገራል። ይህን ሰምተህ ግን ነገ ወደ ባሕር ዳር ወርደህ ጣና ውስጥ እንዳትገባ! ታላላቅ ዋናተኞች በአብዛኛው ገና በሕፃንነታቸው ከገንዳ የገቡ ናቸው፤ ሰውነትህ ቢመች እንኳ ጊዜው አልፎሃል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የምመክርህ ረጅም ክንድ ዋጋ ወደሚያወጣበት፣ በ18 ዓመትም ዘግይቷል ወደማይባልበት እንድትዞር ነው። በጦር ውርወራ ረጅም ክንድ ጦሩን ከመልቀቅህ በፊት የምታፈጥንበትን መንገድ ያረዝምልሃል፤ በእጅ ኳስና በመረብ ኳስ ደግሞ መከላከያን ያሰፋል፣ መረብ ላይ ያደርሳል። ክብደት ማንሳትን እለፈው፤ ብረቱን የምታነሣበት ርቀት በክንድህና በቁመትህ ልክ ይረዝምብሃል። ከፍታ ዝላይም በአብዛኛው እግረ ረጅሞችን ይመርጣል፤ በ2004 እ.ኤ.አ. አቴንስ ላይ ወርቅ የወሰደው ስዊድናዊ ስቴፋን ሆልም ግን 1.81 ሜትር ብቻ ነበር።

የጎጃም ገበሬ በሬ ሲገዛ ሻኛውንና ደረቱን አይቶ ይመርጣል፤ ሆኖም ቀንበር ጭኖ ሳያርስበት አያምነውም። አንተም ለስድስት ወራት ሩጫውን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ አድርገህ፣ የቀረውን ቀን ለጦር ውርወራ ወይም ለእጅ ኳስ ስጥ። የሦስት ዓመት ሩጫህ የሰጠህ ትንፋሽ በእጅ ኳስ ሜዳ ላይ አይባክንም። በጉርምስና ዕድሜ እግር ቀድሞ፣ ከወገብ በላይ ያለው አካል ዘግይቶ ስለሚያድግ በ14 ዓመት የተለካ ልጅ ሊያሳስት ይችላል፤ በ18 ዓመት የተለካኸው አንተ ግን ከዚህ ብዙም አትለወጥም።

እንጀራን በተመለከተ፣ በአገራችን ክለቦች ለተጫዋችም ለአትሌትም ወርኃዊ ደመወዝ ይከፍላሉ፤ ቦታው ግን ጥቂት፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ፈተናህን ለልምምድ ብለህ አታሳንሰው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አካዳሚ አለ፤ ውጤትህ ካደረሰህ የስፖርት ሳይንስ አጥንተህ አሠልጣኝ ወይም መምህር የመሆን መንገድ ይከፈትልሃል። ከስድስት ወር በኋላ የውርወራህን ርቀት በሜትር ጽፈህ ላክልኝ፤ የመጀመሪያውን ሳምንትና የመጨረሻውን፣ ሁለቱንም።