ፊቴ ቀላ፣ የአለርጂ ክኒን ልዋጥ? (ጥያቄና መልስ)

ፋርማሲስት ነኝ። ስለ ፊት መቅላትና ስለ አንቲሂስታሚን (ሂስታሚንን ስለሚከላከሉ መድኃኒቶች) ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። እነሆ መልሱ።

ጥያቄ፦ ሰው ፊት ስናገር ፊቴ ፍም ይመስላል። ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ ክኒን ይረዳኛል?

መልስ፦ አይመስለኝም። ክኒኑ የሚያውቀው አንድ ሥራ ነው፤ ሂስታሚን (በአለርጂ ጊዜ ሰውነት የሚለቀው ኬሚካል) ሴሎች ላይ ካለው ተቀባዩ ጋር እንዳይገናኝ ቦታውን ይይዝበታል። የአንተ መቅላት የሐፍረት ነው፤ የነርቭ ጉዳይ። ሂስታሚን ከሌለበት ክኒኑ ምን ሊያደርግ?

ጥያቄ፦ አንድ ብርጭቆ ከጠጣሁ ቲማቲም ነኝ። ጓደኛዬ «ቀድመሽ የጨጓራ ክኒን ዋጪ» አለችኝ። ቀልድ ነው?

መልስ፦ ቀልድ አይደለም፤ ምክሩ ግን መጥፎ ነው። ሂስታሚን የተለያዩ ተቀባዮች አሉት። ኤች 1ን የአለርጂ ክኒኖች፣ ኤች 2ን እንደ ፋሞቲዲን ያሉ የጨጓራ ክኒኖች ይዘጋሉ። አልኮል ሰውነት ውስጥ መጀመሪያ አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዝ ይለወጣል። ይህን የሚያስወግደው ኤንዛይም በዘር ደካማ ከሆነ መርዙ ይጠራቀማል፤ ሂስታሚን ይለቀቃል፤ ፊት ይቀላል። በምሥራቅ እስያ ከ3 ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠሩ ጥናቶች አንቲሂስታሚን መቅላቱን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። አሴታልዴሃይዱ ግን የትም አልሄደም። ካንሰር አምጪ ነው፤ እየቀሉ የሚጠጡ ሰዎች ለምግብ ቧንቧ (ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወርደው) ካንሰር ይበልጥ ይጋለጣሉ። ፊትሽ «በቃሽ» እያለሽ ነው፤ ክኒኑ አፉን ያስይዘዋል። እኔ ብሆን ብርጭቆውን ነበር የምተወው።

ጥያቄ፦ ለኮሌስትሮል ኒያሲን እወስዳለሁ። የአለርጂ ክኒኑን ሎራታዲን ብውጥም ፊቴ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል።

መልስ፦ አንድ ደንበኛ ኮሌታውን ከፍቶ ደረቱን እያሳየኝ ይህንኑ ጠይቆኛል። የኒያሲን መቅላት ዋና ተጠያቂ ሂስታሚን ሳይሆን ፕሮስታግላንዲን ዲ 2 የሚባል ሌላ የሰውነት ኬሚካል ነው፤ ለዚህ ነው ሎራታዲኑ ያልረዳህ። ሐኪም ከፈቀደ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የሚወሰድ አስፕሪን ይሻላል። ላሮፒፕራንት የሚባል መድኃኒት የፕሮስታግላንዲኑን ተቀባይ እንዲዘጋ ተሠርቶ ከኒያሲን ጋር ተደባልቆ ነበር። ከ25,000 በላይ ሰዎች ላይ ሲሞከር ግን ለልብ ያመጣው ጥቅም አልታየም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከገበያ ወጣ። እስኪ ዶክተርህን ኒያሲኑ ራሱ ያስፈልግህ እንደሆነ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ ሙቀት ሲያቀላስ?

መልስ፦ ይህን እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት ሰዎችን እያሞቀ፣ በቆዳቸው ትንሽ ቦታ ላይ ተቀባዮቹን ለየብቻ ዘጋ። ኤች 1 ሲዘጋ የደም ፍሰቱ ጭማሪ ቀነሰ፤ ኤች 2 ሲዘጋ ለውጥ አልመጣም። ሂስታሚን ድርሻ አለው ማለት ነው፤ ሙሉውን ግን አይደለም። ለሙቀት ብላችሁ ክኒን አትዋጡ።

ጥያቄ፦ ቫንኮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ በደም ሥር ሲሰጠኝ ፊቴና አንገቴ ቀላ። አለርጂክ ነኝ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይደለም። መድኃኒቱ ቶሎ ሲገባ ማስት ሴሎችን (ሂስታሚን የሚያከማቹ ሴሎች) በቀጥታ ነክቶ ሂስታሚን ያስለቅቃል። ቢያንስ በ60 ደቂቃ ቀስ ተብሎ ሲሰጥ ይቀንሳል፤ እዚህ አንቲሂስታሚን በደንብ ያግዛል። በሚቀጥለው ጊዜ ሳይጀመር ለነርሷ ንገራት።

ጥያቄ፦ እኔ ስቀላ ከንፈሬም አበጠ፣ ትንፋሼም አጠረ።

መልስ፦ ያ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው አድሬናሊን ነው፤ ክኒን ውጠው አይጠብቁ።