ፎር ዊል አስፋልት ላይ ለምን ይነክሳል?

ከጅማ አካባቢ ቡና የሚነግዱ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ። ከገጠር ጭቃውን በፎር ዊል ወጥቼ አስፋልት ስገባ፣ ስታጠፍ መሪው ይከብደኛል። መኪናው የሆነ ነገር እንደያዘው ይንገጫገጫል፤ ማርሹም ከፎር ዊል አልወጣ ይላል። አንድ መካኒክ የመሪው ሳጥን ይቀየር ብሎኛል። 10 ኩንታል ስጭን ደግሞ ፊቱ ይቀለኛል። ሸጬ ፎር ዊል የሌለው ነጠላ ጋቢና ልግዛ?»

የመሪውን ሳጥን ለጊዜው አያስነኩት። ሲያዩት የነገሩኝ ነገር ሁሉ ወደ ፎር ዊሉ አጠቃቀም ይጠቁማል።

ኤች 4 (አራቱንም ጎማ የሚነዳውን የፎር ዊል ማርሽ) ሲያስገቡ የፊቱና የኋላው ዘንግ አንድ ላይ ይቆለፋሉ። መሃል ላይ የፍጥነት ልዩነታቸውን የሚያቻችል ዲፈረንሻል የለም። መኪና ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማ ከኋላው ሰፋ ያለ ዙር ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ መፍጠን አለበት። ተቆልፎ በየት በኩል ይፍጠን? ጭቃ ላይ ጎማው ሸርተት ብሎ ይገላገላል። ደረቅ አስፋልት አያንሸራትትም። ስለዚህ ኃይሉ ዘንጉንና ጥርሶቹን ይጠመዝዛቸዋል። መሪዎ የሚከብደውም፣ ማርሹ የሚነክሰውም ለዚህ ነው። እንደ ሚትሱቢሺ ሱፐር ሴሌክት ያለ፣ መሃል ላይ ዲፈረንሻል ያለው ፎር ዊል አስፋልት ላይም ይነዳል። የእርስዎ አይደለም።

ሲነክስብዎ ማርሹን በጉልበት አይጎትቱት። መሪውን ቀጥ አድርገው ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ይሂዱ፤ ጥምዝምዙ ሲፈታ ራሱ እሺ ይላል። ከዚያ በኤች 2 (የኋላ ጎማዎቹ ብቻ በሚነዱበት) ባዶ ቦታ ላይ መሪውን እስከ ጥግ አዙረው ቀስ ብለው ይዙሩ። አሁንም ከነከሰ ፎር ዊሉ አልተላቀቀም፤ ያኔ ጋራዥ ይውሰዱት። ጎማዎቹንም ይዩ። ፊት አዲስ፣ ኋላ የተላጨ ካደረጉ በፎር ዊል ቀጥ ባለ መንገድም ይነክሳል።

አሁን ወደ ጭነቱ። ይህኛው የበለጠ ያሳስበኛል። 10 ኩንታል አንድ ቶን ነው፤ ሃይሉክስ ባብዛኛው የሚችለውም አንድ ቶን ገደማ ነው። ግን የተሳፈረው ሰውም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። አምስት ሰው 350 ኪሎ ቢመዝን ለቡናው የሚተርፍዎ ስድስት ኩንታል ተኩል ነው።

የደብል ጋቢና መጫኛ ርዝመቱ 1.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ከኋላ እግር (ከኋላ ጎማዎቹ መስመር) ወደ ኋላ ወጥቷል። ሂሳቡን ልሥራልዎ። ከፊት እግር እስከ ኋላ እግር 3.08 ሜትር ነው። ሦስት ኩንታል ከኋላ እግር 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢያስቀምጡ፣ ፊቱ 60 ኪሎ ገደማ ይቀለዋል፤ የኋላው እግር ላይ 360 ኪሎ ይጨመርበታል። መሪ የሚቀልልዎት ለዚህ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዙ ደግሞ የፊት ጎማው መሬት አጥብቆ መያዝ ይኖርበታል። ስለዚህ ከባዱን ጆንያ ከጋቢናው አስጠግተው ይጫኑ፤ ቀላሉ ወደ ኋላ ይሁን። ባሌስትራ አስጨምር የሚልዎት አይጠፋም። መኪናው እንዳይጎነበስ ያደርጋል እንጂ ፍሬኑን፣ ኩሽኔታውንና ሻንሲውን አያጠነክርም። ባዶ ሲሆን ደግሞ ያዘልልዎታል።

ይሸጡ ወይ? ቤተሰብ የማይጭኑበት ከሆነ ነጠላ ጋቢና ይሻልዎታል። መጫኛው ከ2 ሜትር ይበልጣል፤ ጭነቱም በአብዛኛው ከኋላ እግር በላይና ወደ ፊት ይውላል። ፎር ዊሉን ግን አይተዉት። የኋላ እግር ብቻ የሚነዳ ፒክአፕ ሲጫን ዳገቱን ይወጣልዎታል፤ ባዶውን ሲመለስ ኋላው ስለሚቀል ጭቃ ላይ ጎማው በከንቱ ይሽከረከራል። እርስዎ ደግሞ በክረምት ባዶ ሆነው ገጠር መግባት አለብዎት። ነጠላ ጋቢና ባለ ፎር ዊል ይፈልጉ። ሲያገኙም መኪናውን አቁመው ኤል 4 (ቀርፋፋው ባለ ጉልበት ፎር ዊል) ገብቶ መውጣቱን፣ ጭቃ ላይም የፊት ጎማዎቹ መሳባቸውን ሳያዩ ብር አይቁጠሩ።