ለእንግሊዝኛ ካምፕ ወደ ቼክ ለምትሄዱ፦ ሦስት ሰመር ሄጄ ያየሁት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቤተ ክርስቲያናችሁ በጁላይ ወር አሥራ አንድ ወጣቶችን ከአሜሪካ ቼክ ሪፐብሊክ ወደሚደረግ የእንግሊዝኛ ካምፕ (ወጣቶች እንግሊዝኛ የሚማሩበት፣ ማታ ማታ ስለ እምነት የሚወራበት) ልትልክ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ደግሞ «ይሄ ገንዘብ ሀገር ቤት ላሉ ወንጌላውያን ቢላክ አይሻልም ወይ?» ብለዋል። አንቺ አስተባባሪ ነሽና መሃል ላይ ገብተሻል፤ የሄደ ሰው ካለ እውነቱን ይንገረኝ ብለሻል። እኔ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2018፣ በ2019 እና በ2023። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም አባል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቡድኑን እየመራሁ። መልሴ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ባጭሩ ሂዱ። ግን ካምፑ የእናንተ እንዳይመስላችሁ። ካምፑ የምትሄዱበት ከተማ ቤተ ክርስቲያን የራሷ ነው። እናንተ ለአንድ ሳምንት ልታግዙ የምትመጡ እንግዶች ናችሁ። ቡድኑ ይሄን ከልቡ ከተቀበለ ሌላው ይስተካከላል። ካልተቀበለ ግን የቱንም ያህል ዝግጅት ብታደርጉ ከናንተ መሄድ በኋላ የሚቀር ነገር አይኖርም።

የሽማግሌዎቹን ጥያቄ እንደ ተቃውሞ አትዪው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኛም ጋ ተነስቶ ነበር። ለሀገር ቤት አገልግሎት ከሚላከው ላይ አንድ ሳንቲም ሳንነካ ወጪውን ለብቻው አሰባሰብን። በ2023 ትኬቱ፣ ኢንሹራንሱና የካምፑ ድርሻ ተደምሮ ለአንድ ሰው 2,400 ዶላር ገደማ መጣ፤ ግማሹን ልጆቹ ራሳቸው ሠርተው ከፈሉ። ነገሩን የለወጠው ግን ገንዘቡ አልነበረም። አንድ የናዝሬት (የአዳማ) ሰው የሆኑ አባታችን ስብሰባው ላይ ተነስተው ተናገሩ። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ፣ ናዝሬት ላይ ተማሪዎች እንግሊዝኛችንን እናሻሽል ብለው ሜኖናይት ከተባለው የፕሮቴስታንት ወገን የሆነ አንድ ሚሲዮናዊ አስተምረን አሉት። እሱም መጽሐፍ ቅዱስ እያስነበበ አስተማራቸው። ከዚያ የወጣው የወጣቶች ኅብረት ነው ሰማይ ብርሃን የተባለው፣ በኋላም ከመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተቀላቀለው። «እኛ በእንግሊዝኛ በር የገባን ሰዎች ነን፣ ያንን በር ለሌላ ልጅ ብንከፍት ምን ነውር አለው?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ግን ያንን ታሪክ እስከ መጨረሻው ተመልከቺው። ሚሲዮናዊው እንግሊዝኛ አስተማረ፤ እሳቱን ተሸክመው የዞሩት ተማሪዎቹ ናቸው። ደርግ በእኛ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስን ሲዘጋ አባላቱ 5,000 ገደማ ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ያን ሁሉ ዓመት በየቤቱ ያስተማረውና ያጽናናው የሀገሩ ሰው ነው። ቼክ ስትሄዱም ሂሳቡ ይኸው ነው።

እኛ የሄድንበት ካምፕ ከኦስትራቫ በስተደቡብ፣ ቤስኪዲ ተራሮች ሥር ነው። ዋሽንግተን ደለስ ተነስተን ቪየና፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ጫካው ያምራል፤ ከፍተኛው ጫፍ ሊሳ ሆራ 1,323 ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ እጅግ ዝቅ ይላል፣ ግን ልጆቹ ሲወጡት ሰማይ የነኩ ያህል ይደሰታሉ። ከ15 እስከ 19 ዓመት የሆናቸው 60 ያህል ተማሪዎች ነበሩ፤ አብዛኛዎቹ ቤተ ክርስቲያን ረግጠው አያውቁም። ይሄ አያስገርምም። በ2021 ቆጠራ ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ሃይማኖት የለኝም ብሏል፤ ከአሥሩ ሦስቱ ደግሞ ጥያቄውን ሳይመልስ አልፏል። ሀገሩ ከ1948 እስከ 1989 በኮሚኒስቶች እጅ ነበር። ከዚያም በፊት ብዙ የቆየ ቁስል አለ፤ ያን ሁስ የተባለው የቼክ ሰባኪ በ1415 መናፍቅ ተብሎ የተቃጠለበት ጁላይ 6 እስከ ዛሬ የሕዝብ በዓል ነው። ስለዚህ ወላጆች «ይሄ ሴክታ (አሳሳች የሃይማኖት ቡድን) ነው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ግልጽነት ነው። ካምፑን የሚያዘጋጀው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነና ማታ ማታ ስለ እምነት እንደሚወራ መጥሪያው ላይ በግልጽ ይጻፍ። እንግሊዝኛ ብሎ ጠርቶ ሌላ ነገር ማቅረብ ማታለል ነው፣ አታድርጉት። እንግሊዝኛውንም ማጥመጃ አታድርጉት፤ ከልባችሁ አስተምሩት።

ስህተታችንን ልንገርሽ። በ2018፣ በአራተኛው ማታ፣ ከእኛ አንዱ ስብከቱን ሲጨርስ ጌታን መቀበል የሚፈልግ እጁን ያንሳ አለ። 14 እጅ ተነሳ። አለቀስን፣ ተቃቀፍን። ስንመለስ እሁድ መድረክ ላይ ወጥተን ቁጥሩን ተናገርን፣ ጉባኤው እልል አለ። በሴፕቴምበር የዚያን ሀገር የወጣቶች መሪ ደወልንለት። ከ14ቱ የመጣ የለም። ልጁ ቁጡ አይደለም፣ በጣም ትሑት ነው፣ ግን እንዲህ አለን፦ «እንግዳ ሲጠይቃቸው እምቢ ማለት ከብዷቸው ነው። ጁላይን እናንተ ታያላችሁ፤ ሴፕቴምበርን የምናየው እኛ ነን።» ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ ብዙ ሰዓት ቁጭ አልኩ። ለእነዚያ ልጆች አዘንኩ። ለእሱም አዘንኩ፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲያገኙት የሚሸሹት እሱን ነበር።

በ2019 ገልብጠን ሠራን። የማታውን ንግግር በቼክኛ የእነሱ ሰው ይናገራል። ትንንሾቹን የውይይት ቡድኖች የእነሱ ወጣቶች ይመራሉ። የእኛ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ ያዳምጣል፣ ከተጠየቀ ስለ ራሱ ሕይወት ይናገራል። እጅ አንሱ የለም። በዚያ ዓመት ለጉባኤው የምንነግረው ቁጥር አልነበረንም። በኖቬምበር ግን አምስት ልጆች በየሳምንቱ ዓርብ ወደ ወጣቶቹ ፕሮግራም ይመላለሱ ነበር። ከአምስቱ አንዷ በ2023 ስንሄድ የካምፑ መሪ ሆና ጠበቀችን።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ። መጀመሪያ ጊዜ ሰዋስው አዘጋጅቼ ነው የሄድኩት፣ 40 ገጽ ወረቀት። በመጀመሪያው ቀን ገባኝ። ልጆቹ ሰዋስው ከእኛ ልጆች የበለጠ ያውቃሉ፤ ትምህርት ቤት ለዓመታት ተምረውታል። የቸገራቸው አፍ መፍታት ነው። ክፍሌ ውስጥ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ነበር፣ ረጅም፣ ኮፍያ የማያወልቅ። በጽሑፍ የሰጠሁትን ሁሉ ሳይሳሳት ይሠራል። ስጠይቀው ግን አንገቱን ደፍቶ የእርሳሱን ጫፍ በጥፍሩ ይልጣል። ሁለት ቀን እንዲህ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ስለ ራሴ ነገርኳቸው፤ በ17 ዓመቴ አሜሪካ ስገባ ትምህርት ቤት ምሳ ማዘዝ ፈርቼ አንድ ወር ሙሉ በጣቴ እየጠቆምኩ አንድ ዓይነት ምግብ እበላ እንደነበር። ልጁ ቀና አለ። «አሁንም መጀመሪያ በራስህ ቋንቋ ነው የምታስበው?» አለኝ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከነስህተቱ። ስጸልይና ስቆጣ አዎ አልኩት። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው።

ከዚያ የተማርኩትን ልስጥሽ፤ ቡድናችሁ ውስጥ እንግሊዝኛን አድገው የተማሩ ካሉ ወደ ኋላ እንዳይሉ አድርጊ። «የእኔ አክሰንት ለማስተማር አይሆንም» ይላሉ። ይሆናል፣ እንዲያውም እነሱ ይሻላሉ። ተማሪው አክሰንት ይዞ ሳያፍር የሚናገር ሰው ሲያይ እኔም እችላለሁ ይላል። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ደግሞ ረጋ ብለው መናገር መለማመድ አለባቸው፤ በጣም ይፈጥናሉ፣ የሰፈር ቃል ያበዛሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ቢያንስ አራት ቅዳሜ ለእናቶቻቸው እንግሊዝኛ ያስተምሩ። የእኛ ልጆች ያንን ሲያደርጉ ነው የገባቸው። ትምህርቱ ጨዋታ፣ ሥዕል፣ ታሪክ ማስቀጠል፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ማውራት ይሁን።

አሁን ደግሞ የምር ልቤ ውስጥ ያለውን። በ2023 አንድ ማታ የዚያች ቤተ ክርስቲያን አዛውንት ካምፑን ሊያዩ መጡ። ከቦርሳቸው ጠርዙ የተበላ ጥራዝ አወጡ። በታይፕ የተመታ መጽሐፍ ነው፣ በካርቦን ወረቀት የተባዛ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ፊደላቸው ደብዝዞ ጭስ መስሏል። በኮሚኒስቶቹ ጊዜ ወጣት ሆነው ሌሊት ሌሊት ይመቱት ነበር፤ ድምፁ ለጎረቤት እንዳይሰማ ከታይፑ ሥር ብርድ ልብስ አጥፈው ያነጥፋሉ። የእኛዋ ልጅ፣ ሜሪላንድ የተወለደች የ19 ዓመት ልጅ፣ እጇን አነሳች። «አያቴም እንዲህ ነበረች» አለች። አያቷ በደርግ ጊዜ ሰው ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ አንድ ሰው ደጅ ላይ ልብስ እያጠበ ይጠብቅ ነበር፤ የማያውቁት ሰው ሲመጣ ባልዲውን ያንኳኳል፣ ውስጥ ያሉት ጸጥ ይላሉ። አስተርጓሚው ሲጨርስ አዛውንቱ ተነስተው ሁለት እጇን ያዙ። ምንም አላሉም። ተማሪዎቹ፣ ሃይማኖት የለንም የሚሉት ጭምር፣ የዚያን ማታ እስከ እኩለ ሌሊት አልተኙም፤ የራሳቸው አያቶች በዚያ ጊዜ የት እንደነበሩ ይጠያየቁ ነበር።

ይሄን እናንተ ብቻ ናችሁ ይዛችሁ የምትሄዱት። ከአሜሪካ የሚሄድ ሌላ ቡድን የለውም። ስለዚህ ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት አያቶቻቸው ዘንድ ቁጭ ብለው ይጠይቁ፣ ስልክም ከሆነ ይደውሉ። የእኛዎቹ ብዙዎቹ ያን ታሪክ ሰምተውት አያውቁም ነበር።

ስለ ጉዞው የተቸገርንበትንም ልንገርሽ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ያለ ቪዛ 90 ቀን ይቆያል። ግሪን ካርድ ይዞ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ግን የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ቼክን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ ሀገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት ቪዛ፣ ያስፈልገዋል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ፤ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል፤ ፓስፖርቱም ከሸንገን ከወጡ በኋላ ሦስት ወር የሚቀረው መሆን አለበት። እኛ አንዱን ልጅ በኤፕሪል ነው ያስታወስነው፣ ቀጠሮ ሞልቶ ቀረ። ሻንጣውን ገዝቶ ነበር። ዛሬውኑ የሁሉንም ፓስፖርት ሰብስበሽ እዪ።

ጫካው ውስጥ መዥገር አለ። እንደ ሀገር ቤቱ የከብት ብቻ አይደለም፣ የአንጎል በሽታ የሚያመጣ አለ። ክትባቱ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚወሰድ ስለሆነ ሐኪም ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ ካምፑ ላይም ማታ ማታ ሰውነታችሁን ፈትሹ። ቤት ውስጥ በጫማ አይገባም፣ ነጠላ ጫማ ያዙ። ምግቡ ይስማማችኋል፤ ክኔድሊኪ የሚሉት አለ፣ እንደ ሕብስት ያለ ነው፣ ተቆርጦ በወጥ ይበላል። ወጥ ቤት የሚሠሩት የቤተ ክርስቲያኗ እናቶች ናቸው። ገብታችሁ ዕቃ እጠቡላቸው፤ የካምፑን ወሬ ሁሉ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ጥቁር ሰው ብዙም አይታይም። ሰው ያፈጣል፣ ፀጉር ልንካ የሚል ልጅ ይኖራል። ይሄን ለልጆቹ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ አይሆንም ማለት እንደሚችሉም ንገሪያቸው። ከተማሪ ጋር ማንም ለብቻው ተነጥሎ አይቀመጥ፣ ሁሌ ሁለት ሆነው ሰው በሚያያቸው ቦታ። የልጅ ፎቶም ያለ ወላጅ ፈቃድ አይለጠፍ፤ ለመዋጮ ማሰባሰቢያም ቢሆን።

ከተመለሳችሁ በኋላስ? እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ በዙም እንገናኛለን። እዚህ ጠዋት ሲሆን እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። የሚጠሩን እነሱ ናቸው፣ እኛ እንግሊዝኛ እናወራለን፣ ክፍሉ ውስጥ ሻይ የሚያፈላውና የሚያስተናግደው የእነሱ መሪ ነው። አንዳንዴ ሦስት ልጅ ይመጣል፣ አንዳንዴ አሥር።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ለሚያስተናግዷችሁ ሰዎች ጻፊላቸው። በሴፕቴምበር የወጣቶች ፕሮግራማቸው በየትኛው ቀን እንደሆነ፣ ካምፑ ላይ ከእነሱ እነማን እንደሚኖሩ፣ እናንተ ምን እንድታደርጉና ምን እንዳታደርጉ እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸው። መልሱ ሲመጣ እዚሁ አስቀምጪልን፣ የዝግጅቱን ፕሮግራም አብረን እናወጣዋለን። የክፍል ጨዋታዎቻችንን ዛሬ ማታ በውስጥ እልክልሻለሁ።